ተነቅንቆ የሚጨመር መድኃኒት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ ለሰሚራ እንኳ አልነገርኳትም። ሰሚራ ስለ እኔ የማታውቀው ነገር እንደሌለ በሙሉ ልቧ ታምናለች፤ እኔም ይህን የመሰለ እምነት ምን ቆርጦኝ አፈርሳለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። የበደልኩት ጓደኛዬ ታምሩ ክርስቲያን ስለሆነ ነፍስ አባት አለው። ሲያጠፋ ሄዶ ይናገራል፣ ንስሐውን ይቀበላል፣ ቀልሎት ይመለሳል። እኛ ሙስሊሞቹ ግን ጥፋታችንን የምንናገረው ለፈጣሪ ብቻ ነው። ለእሱማ ስንቴ ተናገርኩ፤ እሱ ግን ስሠራው አይቶኛል። የሚከብደኝ ላላየኝ ሰው መናገር ነው። ስለዚህ እርስዎን፣ ይህን የሚያነቡትን፣ ሾሜያለሁ። ሳላማክርዎ ስለሾምኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ወደፊት ከሚመጣው ይቅርታ ይህኛው ይቀላል።

ጥፋቴ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሰው ሞተር ገደልኩ፣ ደሙን ደግሞ በጓደኛዬ እጅ ላይ ጠረግኩት። አጭር ስለሆነ ቀላል እንዳይመስልዎ። እኔም መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሸምሱ እባላለሁ። መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ የሞተር ሳይክል ዕቃ እሸጣለሁ፤ ካቴና፣ ካንዴላ፣ ዘይት፣ ጎማ። ሱቁ የአባቴ ነበር። አባቴ ሱቁን ሲያወርሰኝ አንድ ሕግ አብሮ አወረሰኝ፤ ነጋዴ «የለም» አይልም። ደንበኛ የጠየቀህ ዕቃ ሱቅህ ውስጥ ከሌለ «ቁጭ በል፣ መጋዘን ነው ያለው» ትላለህ። ከዚያ በጓሮ በር ትወጣለህ፣ ከጎረቤት ትበደራለህ፣ ላብህን ጠርገህ ትመለሳለህ። በተለይ ለጠዋቱ የመጀመሪያ ደንበኛ «የለም» ማለት የቀኑን ገበያ በገዛ እጅ መዝጋት ነው። መርካቶ ያደገ ሰው ይህን ከፊደል በፊት ነው የሚማረው። አባቴ ሳይነግረኝ የሞተው ነገር ቢኖር ዕቃው ከጎረቤትም ከጠፋ ምን እንደሚደረግ ነው።

ጋሼ በድሩን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። በአንዋር መስጊድ በኩል ብርድ ልብስና ምንጣፍ በጅምላ ያከፋፍላሉ። ሰውነታቸው ከባድ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቃላቸው ግን ገበያውን ያዞራል። «ጥሩ ነው» ያሉት ዕቃ ይሸጣል፣ «እህ» ያሉት ዕቃ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ሁለት ፍቅር ነበራቸው። አንደኛዋ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሁለተኛዋ ወንድማቸው ከዓረብ አገር የላከላቸው ቀይ ሞተር ሳይክል ናት። የትኛዋ እንደምትበልጥ እትዬ ዘይነባ ባሉበት የጠየቀ ሰው የለም።

ሞተሯ ቆንጆ ነበረች። ዳገት ስትጀምር ግን ቀጭ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ጨምሮ እንደመነቅነቅ ያለ ድምፅ። ጋሼ በድሩ መጀመሪያ ሰው ከኋላ የሚያንኳኳ መስሏቸው ስንቴ ዞረው አዩ። ሲመርራቸው ወደ ታምሩ ወሰዷት።

ታምሩ ጎጃም በረንዳ ጀርባ ሞተር ሳይክል የሚጠግን ጓደኛዬ ነው። ትሑት ሰው ነው ብዬ ብነግርዎ በአንድ ኑዛዜ ላይ ሌላ ኃጢአት እጨምራለሁ። ጉረኛ ነበር። «ሌላው መካኒክ ሞተር ይፈታል፣ እኔ አዳምጣለሁ» ይላል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ በዚያን ጊዜ ጎጃም በረንዳ በሙሉ ጸጥ እንዲልለት ይፈልጋል። ጋሪ የሚገፉትን ወዛደሮች እንኳ «እስቲ አንዴ!» ብሎ ያስቆማቸዋል። የሚገርመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቆሙለት ነበር፣ ጆሮው ተሳስቶ ስለማያውቅ።

የጋሼን ሞተር ካዳመጠ በኋላ ዓይኑን ገለጠና «ጋሼ፣ ሞተርዎ አልታመመችም። የጠገበ ቤት ልጅ ናት። የእኛ ቤንዚን አልተስማማትም» አላቸው።

«እንዴት ነው የማይስማማት? ሁሉም የሚጠጣው ይህንኑ አይደል?»

«የእርስዎዋ ነዳጁን አጥብቃ ነው የምትጨምቀው፣ ኮምፕሬሽኗ ከፍ ያለ ነው። ደካማ ነዳጅ እንደዚያ ሲጨመቅ ትዕግስት ያጣል። ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው ራሱ ፈንድቶ ይነዳል፤ ሳይጠሩት አቤት ይላል። ቀጭ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ኦክቴን የሚሉት ነገር የነዳጅ ትዕግስት ማለት ነው። ከሸምሱ ሱቅ ኦክቴን የሚጨምር ፈሳሽ አለ፣ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቅሉት።»

በዚያው ቀን ቴስታታውን፣ የሞተሯን ክዳን፣ ከፍቶ ጥላሸቱን ጠርጎ መልሶ ገጠመው። እኔ ጠርሙሱን አመጣሁ፤ ቀይ ፈሳሽ፣ ሽታው ራስ የሚያዞር። ጨመርን። ጋሼ በድሩ ሞተሯን አስነስተው ወደ እንጦጦ ወጡ፣ ሲመለሱ ፊታቸው የሙሽራ ፊት ሆኖ ነበር። «ዝም አለች» አሉ። ዳገቱን በሙሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ እንደወጣች ለአንዋር ሰፈር ነጋዴ ሁሉ ተናገሩ። ለታምሩም ለእኔም ስም ወጣልን።

ጋሼ ያቺን ጠርሙስ «መድኃኒት» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦክቴን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ፤ «የጋሼ በድሩን መድኃኒት ስጠኝ» ሆነ። መድኃኒት ከተባለ ደግሞ የመድኃኒት ጠባይ ይከተለዋል። አንዱ ዕቃ አመላላሽ «ነዳጅ ከሞላሁ በኋላ ነው ወይስ በባዶው?» አለኝ። ሌላው ግማሹን ለራሱ ጨምሮ ግማሹን ባጃጁ ለታመመበት ጎረቤቱ ሰጠ፣ ሰው የተረፈውን ክኒን ለጎረቤት እንደሚያካፍል። አንድ ባለ ወፍጮ መጥቶ «ለወፍጮስ ይሆናል?» ሲለኝ፣ ወፍጮው በመብራት የሚሠራ መሆኑ ለራሱ ትዝ እስኪለው ድረስ ዝም ብዬ አየሁት። ትዝ ባይለው ኖሮ እሸጥለት ነበር። ልብ ይበሉ፣ እሸጥለት ነበር።

ታምሩ አስጠንቅቆኛል። «ሸምሱ፣ ይሄ ነገር ለእነዚህ ተራ ሞተሮች ምንም አይጠቅምም። ዓይኑ ደህና ለሆነ ሰው መነጽር እንደመሸጥ ነው። ደግሞ የሚያስመጣው ሰው መቼ እንደሚያመጣ አይታወቅም፣ ለጋሼ አስቀምጥላቸው» አለኝ። ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ምን አደረግኩ? ሸጥኩ። ለማይጠቅመው ሁሉ ሸጬ ለሚያስፈልጋቸው ሰው አሳጣሁ። የዚህኛውን ጥፋት ቅጣት ብቻ ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አላስቸግርዎትም ነበር።

አረፋ ደረሰ። አረፋ ሲደርስ የእኛ አገር ሰው መርካቶን ለቆ ወደ ትውልድ መንደሩ ይወጣል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ በሬው ይገዛል፣ መንገዱ በኛ ይሞላል። ጋሼ በድሩ በየዓመቱ የሚሄዱት በመኪና ነበር። በዚያ ዓመት ግን በሞተር ሊሄዱ ቆረጡ፣ «አገሬ ያላያት ሞተር የእኔ አይደለችም» ብለው። ልጆቻቸው ለመኑ፣ ጎረቤት ለመነ፣ አልሰሙም። እትዬ ዘይነባ ብቻ አልለመኑም። «ሬሳውን የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል» ብለው በመኪና ቀድመዋቸው ሄዱ።

በመሄጃቸው ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ ጋሼ በድሩ በር ላይ ቆመዋል። የመጀመሪያው ደንበኛ።

«ሸምሱ ልጄ፣ ያንን መድኃኒት ለመንገዱ የሚበቃኝን ያህል ስጠኝ። ዳገቱን ታውቀዋለህ።»

አንድም ጠርሙስ አልነበረኝም። አፌ ግን «ይቀመጡ ጋሼ፣ መጋዘን ነው ያለው» አለ። እግሬም በጓሮ በር ወጣ። ከሱቅ ሱቅ ሮጥኩ። ሁሉም ሳቁብኝ፤ «እኛ ጠያቂ ሲመጣ አንተ ጋ አይደል የምንልክልህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብቻውን የሸጠ ሰው ብቻውን ያልቅበታል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስንፍና ነው እንበል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እኔ፣ ሸምሱ፣ በሙሉ ጤንነቴ፣ በሁለት እጄ ሠራሁት።

መጋዘኔ ውስጥ ደንበኞች እዚያው ጨምረው ጥለዋቸው የሄዱ ባዶ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ለምናለሽ ተራ ሰዎች ልሸጣቸው ያጠራቀምኳቸው። አጠገባቸው ቅባት የነካውን ዕቃ የማጥብበት ነጭ ጋዝ ነበር። ጠርሙሶቹን አየሁ፣ ጋዙን አየሁ። ጋዝም ነዳጅ አይደል? ምን ይጎዳል? እንዲህ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፣ ራሴም ደግ ስለሆነ «ምንም» አለኝ። ውሸት ነው፣ አውቅ ነበር። ታምሩ ስለ ነዳጅ ትዕግስት ያወራ በነበረበት ሰሞን «ነጭ ጋዝማ ጭራሽ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፣ ቤንዚን ውስጥ ከገባ ያንኑ ያለውንም ያሳጣዋል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ፣ አውቄ፣ ቀዳሁ።

ቀለሙ ቀረ። እውነተኛው ቀይ ነበር። ከጎረቤቴ ከቅመም ሻጩ ለሰርግ ኬክ የሚሆን ቀይ ቀለም ገዛሁና ጠብ አደረግኩበት። አልቀላቀልም አለ። ጋዙ ከላይ እንደጠራ ቀረ፣ ቀለሙ እንደ ሮማን ፍሬ ተንከባሎ ታች ተቀመጠ። ነቀነቅኩት፣ ቀላ። አስቀመጥኩት፣ ተለያየ። እንደገና ነቀነቅኩት፣ እንደገና ተለያየ። ያ ቀለም የሰርግ ቀለም ነው፣ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ አልገባም ማለቱ ነበር። የኬክ ቀለም ያፈረበትን ነገር እኔ አላፈርኩበትም። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ክዳኑን አጥብቄ ይዤላቸው ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው አዲሱ ነው። ከመጨመርዎ በፊት በደንብ ይነቅንቁት» አልኳቸው።

የጋሼ ፊት በራ። «አዎና» አሉ፣ «የፊተኛው የማይነቀነቅ መሆኑ ድሮም ቅር ይለኝ ነበር። የልጆች ሽሮፕ እንኳ ይነቀነቃል፤ ይሄን የሚያህል መድኃኒት እንዴት ዝም ብሎ ይጨመራል?»

ሱቄ በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ነቀነቁት። በሁለት እጃቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በእምነት። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ኮፍያቸው ወደቀ፣ አንስቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ሁሉንም ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ታንኩ ውስጥ ገለበጡት። «ቀስ በቀስ ቢሆን አይሻልም ጋሼ?» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። «መንገዱ ረዥም ስለሆነ ባንዴ ትውሰደው» ብለው ቀደሙኝ። «በሰላም ይግቡ» አልኳቸው። እርስዎ ይፍረዱኝ፣ «በሰላም ይግቡ» አልኩ።

የሆነውን በኋላ ከራሳቸው አፍ ሰማሁ። አዋሽን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ ያ ቀጭ ቀጭ ተመለሰ፣ ከበፊቱ ይልቅ በርትቶ። ጋሼ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚያምኑ በሱ አልጠረጠሩም። ታንኩ ውስጥ ተለያይቶ ይሆናል ብለው አሰቡ። ስለዚህ ወርደው ሞተሯን፣ ያቺን ከባድ ሞተር፣ ቀንዷን ይዘው ነቀነቋት። መንገደኛ ቆሞ ያያል። አንድ እረኛ «አባባ፣ ምን አርጋዎት ነው?» ብሎ ጠይቋቸዋል አሉ። ነቅንቀው አስነስተው ሲቀጥሉ ሞተሯ አንዴ ጮኸች፣ ጢስ አወጣች፣ ዝም አለች። በዚህ ጊዜ ዝምታዋ ለዘላለም ነበር።

ጋሼ በድሩ አገራቸው የገቡት በሬ በጫነ አይሱዙ ላይ ነው። ሞተሯ ከበሬዎቹ መካከል በገመድ ታስራ ቆማለች። አገሬው እንደታሰበው ተሰብስቦ አያት። አንድ ሽማግሌ በሬዎቹን አንድ በአንድ ከቆጠሩ በኋላ ወደ ቀይዋ እያመለከቱ «ይቺንም ነው የምናርዳት?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ዘይነባ በዚያ አረፋ እንደሳቁት በሕይወታቸው ስቀው አያውቁም ይባላል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሳቅኩ። ዛሬም ስጽፈው ፈገግ ብያለሁ፣ አልዋሽዎትም። ጥፋቴ ይህን ያህል ማሳቁ ራሱ አንዱ ጥፋት ነው።

ሳቁ ያበቃው ታምሩ ሞተሯን ሲከፍት ነው። ከበዓሉ ስንመለስ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ፤ ሱቄ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የሄድኩት። ፒስተኑ መሃል ለመሃል ተበስቷል፣ ጣት ያስገባል። ታምሩ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ አወጣ፤ ጉራ ሳይነዛ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ካርቡራቶሩን ፈታ፣ ጽዋውን ወደ ብርሃን አዘነበለ።

«ሸምሱ፣ ና እስቲ እይ። ይሄ ምንድን ነው?»

ጽዋው ግርጌ አንዲት ቀይ ጠብታ ተቀምጣለች። ክብ፣ ንጹሕ፣ የሰርግ ቀለም።

«ዝገት ነው» አልኩ።

«ዝገት እንዲህ ይቀላል?»

«የታንኩ ዝገት ነው፣ ቀለሙን ይዞ ይወርዳል» አልኩና በያዝኩት ጨርቅ ጠረግኩት። የታምሩን ንጽሕና የሚያሳይ ማስረጃ በዓለም ላይ ያ ብቻ ነበር፤ እኔ ጠረግኩት። ታምሩ በጥርጣሬ ቢያየኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። «እሺ» አለ ብቻ። ስለ ዕቃ የማውቀው እኔ ነኝና አመነኝ።

ጋሼ በድሩ ፍርዳቸውን ሰጥተው ነበር። መድኃኒቱ ያኔ እንጦጦ ላይ ተፈትኗል፤ ደግሞም ተነቅንቋል። የቀረው ቴስታታውን የከፈተው እጅ ነው። እንደ ገበያው ልማድ ትልልቆቹ ሰዎች ከጁምዓ በኋላ ጋሼ ሱቅ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጡ፤ ታምሩም ተጠራ፣ እኔም ተጠራሁ። ታምሩ ቆሞ «ሥራዬ ንጹሕ ነበር፣ ሰምቼ ነው የለቀቅኳት» አለ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ሸምሱ፣ የሰጠሃቸው ያንኑ መድኃኒት ነው?»

«ከሱቄ የወጣ ነው። ጋሼ ራሳቸው ፊቴ ነቅንቀው ጨመሩት» አልኩ።

ቃሎቼን አንድ በአንድ ይመርምሯቸው፤ ሁሉም እውነት ናቸው። ከሱቄ ወጥቷል፣ ጋሼ ነቅንቀዋል፣ ፊቴ ነው የጨመሩት። እውነት የሆኑ ቃሎችን ገጣጥሜ ውሸት ሠራሁ። መካኒክ ብሆን ይወጣኝ ነበር።

ጋሼ በድሩ ታምሩን ካሳ አልጠየቁትም። ከዚያ የባሰ አደረጉ፤ ይቅር አሉት። «ልጅ ነው፣ እጁ ሳተ፣ ለአላህ ብዬ ትቼለታለሁ» አሉ። ይቅር የተባለ ሰው ምን ብሎ ይሟገታል? አልበደልኩም ቢል ምስጋና ቢስ ነው፣ ዝም ቢል በደለኛ ነው። ታምሩ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጋሼ ወደ እኔ ዞረው መዳፋቸውን ዘረጉና መረቁኝ። ሥራህን ያሳምረው፣ ሐቀኛነትህን አያጉድልብህ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን አሉ። ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን፣ አሚን» ይላል። ከነዚያ ሁሉ «አሚን»ዎች መካከል አንድ «አሜን» ሰማሁ። ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም። ታምሩ ነው፤ እሱም መዳፉን ዘርግቶልኛል። እኔስ? እኔም መዳፌን ዘርግቼ ምርቃቱን ተቀበልኩ፣ ፊቴንም ዳበስኩበት።

ከዚያ በኋላ በታምሩ ላይ ክፉ የተናገረ ሰው የለም። ብቻ እሱ ጋ መሄድ ተዉ። ስሙ ሲነሳ ጋሼ «እህ» ይሉ ነበር፣ ያ በቃ። ጎጃም በረንዳ ጀርባ ያሉት ወዛደሮች ጋሪያቸውን የሚያቆሙለት ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሐዋሳ ሄደ። ሸኘሁት። ጀርባው ላይ የተሰካሁ ሳንጃ ሆኜ ሳለሁ አቅፌ ሸኘሁት። የእኔ ሱቅ እንደ ምርቃቱ አደገ፤ አጠገቤ ያለውን ሱቅ ጨምሬ ሰፋሁ። ያ ምርቃት የማን እንደነበረ እኔ አውቃለሁ።

እስካሁንም ዝም ብዬ እኖር ነበር። በቅርቡ ግን ከሐዋሳ የመጣ አንድ ደንበኛ ዕቃ ገዛኝና ገልብጦ ሳያይ ወደ ከረጢቱ ከተተው። መርካቶ ውስጥ ዕቃ ገልብጦ የማያይ ሰው ወይ ሰካራም ነው ወይ ዘመድ። «አይተኸዋል?» አልኩት። «ታምሩ የሚባል ጎሚስታ ነው የላከኝ» አለኝ፣ «ሸምሱ ጋ ከሄድክ ዕቃ አትመርምር፣ እሱ አያታልልም ብሎኛል።»

ጎሚስታ? «ሞተር አይሠራም እንዴ?» አልኩ።

«አይነካም። ጎማ ብቻ ነው። ሞተር እንዲሰማልን ብንለምነው ‹ጆሮዬ አይታመንም› ይለናል።»

ሰውየው ከሄደ በኋላ ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። ልነግረው ነው የደወልኩት፣ ይህን ይመኑኝ፤ ሌላውን ባያምኑኝ አይፈረድብዎትም። ድምፄን ሲሰማ ደስ አለው። ስለ ሰሚራ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያ ጉረኛ ታምሩ፣ እንዲህ አለኝ፦ «ሸምሱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ የጋሼን ሞተር ስገጥም አጠገቤ ነበርክ። የተሳሳትኩት ነገር ነበር? ሁሌ አስበዋለሁ። የሰማሁ መስሎኝ ነበር እኮ።»

እንዲህ አልኩት፦ «ሃሎ? ሃሎ? ታምሩ፣ አይሰማኝም፣ ኔትወርኩ ነው።» አጠገቤ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ዘጋሁት።

እስከዚያች ቀን ድረስ የወሰድኩበት ገበያውን ይመስለኝ ነበር። ገበያ ይመለሳል። የወሰድኩበት ግን የገዛ ጆሮውን ማመኑን ነው። አንድ «የለም» ማለት አቅቶኝ፣ ሰው በራሱ ላይ እንዲፈርድ አድርጌ ለዓመታት ቁጭ ብዬ በላሁ። ጠጣሁ። ተመረቅኩ። ሰበብ አላቀርብም። አባቴንም፣ ልማዱንም፣ መርካቶንም እዚህ ውስጥ አላስገባም፤ እነሱ ጋዝ አልቀዱም። እርስዎንም ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ የእርስዎ ፒስተን አልተበሳም። ስሙን የወሰድኩበት በሰው ፊት ነውና በስልክ ጆሮ ለጆሮ ብመልስለት ግማሽ ሌብነት ይቀራል።

ጋሼ በድሩ አርጅተዋል፤ ግን አሁንም ብርድ ልብሶቻቸው መካከል ይቀመጣሉ። የዛሬዋ ጁምዓ ሳታልፍ እዚያው፣ በነዚያው ሰዎች ፊት እናገራለሁ። ይህን ጽሑፍ ይዤ አልሄድም፤ ካነበብኩት አሳምረዋለሁ። ታምሩም እንዲኖር ስለምፈልግ ትናንት ደግሜ ደወልኩለትና «ና፣ ጋሼ በድሩ ሱቅ ትፈለጋለህ» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። «መፍቻዎቼን ልያዝ?» አለኝ፣ ድምፁ ውስጥ ድሮ የማውቀው ታምሩ ነበር። «ያዝ» አልኩት። ለሞተር ሥራ የተጠራ መስሎታል። የእኔ ራስ ላይ ሊያውላቸው ከፈለገ ግን ማንም ገላጋይ እንዳይገባ።